ጉልበትን በብርሃን ለመመርመር ለምታስቡ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ለምትማሩ፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገብታችሁም ምህንድስና ለምታጠኑ ልጆች ነው። የአጥንት ሐኪም ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ደሴ ላይ ነው። ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ የመገጣጠሚያን ልም አጥንት (የአጥንቶችን ጫፍ የሚያለብሰውን ካርቲሌጅ) ጤንነት በብርሃን፣ ማለትም በስፔክትሮስኮፒ፣ ስለ መለካት መጠየቅ ጀምራችኋል። በጣም ደስ ብሎኛል። የምትጠይቁት ግን በአብዛኛው ልኬቱን ስለሚያነበው ሶፍትዌር ነው። እኔ መናገር የምፈልገው ከሶፍትዌሩ በፊት ስላለው ሥራ ነው፤ ከልኬቱ የሚወጣውን ቁጥር የሚታመን የሚያደርገው እሱ ነውና።

አስቀድማችሁ የበሽታውን፣ ልም አጥንትን እያሳሳ የሚሄደውን የኦስቲኦአርትራይተስን፣ ጠባይ እወቁ። ደሴ ከጦሳ ግርጌ ያለች የዳገት ከተማ ናት፤ ጉልበት የታመመ ሰው እዚህ ከቤቱ መውጣት ይከብደዋል። «ሰግጄ መነሳት አቃተኝ» የሚሉኝ እናቶችና አባቶች ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ይመጣሉ። ራጅ እናነሳለን። ራጁ የሚያሳየን አጥንቱን ነው፤ ልም አጥንቱ አይታይበትም። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለውን ክፍተት አይተን፣ ጠቦ ከሆነ ልም አጥንቱ ሳስቷል ብለን እንገምታለን። ኬልግረንና ሎውረንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጡት፣ ዛሬም የምንሠራበት ከ0 እስከ 4 ያለው ደረጃ በአብዛኛው በዚህ ክፍተትና በአጥንቱ ጠርዝ ላይ በሚበቅለው ትርፍ አጥንት ላይ የቆመ ነው። ክፍተቱ ጠቦ እስኪታይ ድረስ ግን በሽታው ብዙ ርቀት ሄዷል።

ልም አጥንት፣ ሐኪሞች ካርቲሌጅ የምንለው፣ ጉልበት ላይ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጉልበት ሎሚ ጀርባ ይወፍራል። የደም ሥር የለውም፣ ነርቭም የለውም። ስለዚህ መጎዳት ሲጀምር ባለቤቱ አይሰማውም፤ ከተጎዳ በኋላም ራሱን መጠገን ያቅተዋል። ከክብደቱ ከ65 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። ውሃውን የሚይዙለት ፕሮቲዮግላይካን የሚባሉ፣ ስኳር የተሸከሙ ትልልቅ ሞለኪውሎች ናቸው፤ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ውሃን ወደ ውስጥ ይስባሉ። የተሳበው ውሃ ከልክ በላይ እንዳያሳብጠው ደግሞ ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ክሮች መረብ ሠርተው ይይዙታል። በሽታው ሲጀምር ከላይኛው ገጽ ፕሮቲዮግላይካኑ ይቀንሳል፤ መረቡ ይላላል፤ የውሃው መጠንም ይጨምራል። በዓይን ሲታይ ግን ገጹ ገና ነጭና አንጸባራቂ ነው። በአርትሮስኮፒ፣ በቀጭኗ ካሜራ፣ ገብተን ብናየው እንኳ ያለን ዘዴ በመንጠቆ ጫን ብሎ ልስላሴውን መገመት ነው። የእኔ እጅ «ለስልሷል» ያለውን የባልደረባዬ እጅ «ደህና ነው» ሊለው ይችላል።

ብርሃኑ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ሄርሸል እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ፣ ከቀዩ ቀለም ማዶ ምንም በማይታይበት ቦታ ቴርሞሜትር ቢያስቀምጥ ሙቀቱ ከፍ አለ። ኢንፍራሬድ የምንለው ጨረር እንዲህ ታወቀ። እያንዳንዱ ኬሚካዊ ትስስር በራሱ ፍጥነት ይርገበገባል፤ ከዚያ ጋር የሚስማማውንም ጨረር መጥጦ ያስቀራል። ረዘም ያለ ሞገድ ያለው መካከለኛው ኢንፍራሬድ ኮላጅንንና የፕሮቲዮግላይካንን ስኳር ጥርት አድርጎ ይለያል። ችግሩ፣ ውሃ በኃይል ስለሚመጥጠው እርጥብ ልም አጥንት ውስጥ ከጥቂት ማይክሮሜትር በላይ አይዘልቅም። የሕንዱ ፊዚክስ ሊቅ ሲ.ቪ. ራማን እ.ኤ.አ. በ1928 ካልካታ ላይ ያገኘውና በ1930 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት የብርሃን መበተን ሌላ መንገድ ነው። በውሃ ብዙም አይረበሽም፤ ግን ምልክቱ እጅግ ደካማ ነው፤ ሕብረ ሕዋሱ ራሱ የሚያወጣው ብርሃንም ይጋርደዋል።

ብዙ ተመራማሪዎች ያዘነበሉት፣ እኔም ለእናንተ የምመኘው፣ ቅርብ ኢንፍራሬድን ነው፤ ከ780 እስከ 2,500 ናኖሜትር ያለውን። ሚሊ ሜትሮችን ዘልቆ ይገባል፤ በተራ የመስታወት ክር ተልኮም በአርትሮስኮፒ ቀዳዳ መግባት ይችላል። ፊንላንድ ኩኦፒዮ ከተማ ያለው የምሥራቅ ፊንላንድ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ላይ ለዓመታት ሠርቷል። ይሁን እንጂ እዚህ የሚገኘው ስፔክትረም፣ በየሞገዱ ምን ያህል ብርሃን እንደተመጠጠ የሚያሳየው ግራፍ፣ እንደ ሰኞ ገበያ ጫጫታ ነው፤ የውሃው ድምፅ በ1,450 እና በ1,940 ናኖሜትር ገደማ ከሁሉ በላይ ይጮኻል፣ ኮላጅኑና ፕሮቲዮግላይካኑ በሥሩ ተደራርበው ያወራሉ። ዓይናችሁ ከግራፉ ላይ በሽታን አያነብም። የሚያነበው ስሌት ነው፤ ብዙ ጊዜ ፓርሻል ሊስት ስኩዌርስ የሚባለው፣ አሁን አሁን ደግሞ ኒውራል ኔትወርክ፤ ሁለቱም ከምሳሌ እየተማሩ ስፔክትረሙን ከበሽታው ጋር የሚያዛምዱ ናቸው።

ስሌቱ ከማን ይማራል? እናንተ በእጃችሁ ከለካችኋቸው ናሙናዎች። ብርሃኑ የተነሳበትን ያንኑ ቦታ ጫን ብላችሁ ጥንካሬውን ትለካላችሁ፤ ውሃውን አድርቃችሁ ትመዝናላችሁ፤ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ሳፍራኒን ኦ በሚባል ቀለም ትነክራላችሁ። ፕሮቲዮግላይካኑ ያለበት ይቀላል፣ ያለቀበት ቀለም አይዝም። ከዚያ ማንኪን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ከ0 እስከ 14 ባለው ነጥብ ትመዝኑታላችሁ። ይህን ቢያንስ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ ይሥሩት። ሁለቱ አንባቢዎች ካልተስማሙ ምንም ዓይነት ስሌት ከእነሱ አለመስማማት የተሻለ እውነት አያመጣም። ወጣት ተመራማሪዎች ይህን ሥራ ለላብራቶሪ ረዳት ጥለው ወደ ኮምፒውተሩ ሲሮጡ ሳይ ያመኛል፣ ምክንያቱም ጥናቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚያ ነው።

አንድ ወጥመድ በተለይ ልብ በሉ። ከአንድ ጉልበት ላይ ብዙ ነጥቦች ትለካላችሁ። ነጥቦቹን ደባልቃችሁ ከፊሉን ለማስተማሪያ፣ ከፊሉን ለመፈተኛ ብትመድቡ ውጤታችሁ እጅግ ያማረ ይሆናል፤ ስሌቱ በሽታውን ሳይሆን ጉልበቱን ለይቶ ስላወቀው። የአንድ ጉልበት ነጥቦች በሙሉ በአንድ ወገን ይሁኑ፤ ፈተናው ስሌቱ አይቶት በማያውቀው ጉልበት ላይ ይሁን። ውጤቱ ዝቅ ቢል አብሽሩ፤ የሚረባችሁ ያ ዝቅ ያለው ነው።

ናሙናው የማን ነው የሚለው ጥያቄም የእኛ ጥያቄ ነው። በየሆስፒታሉ ጣት ላይ የምናደርገው የኦክሲጅን መለኪያ በቀይና በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት መሣሪያው በጥቁር ሕሙማን ላይ የኦክሲጅን ማነስን ከነጮቹ ይልቅ ደጋግሞ እንደሚስት አሳይቷል። በአርትሮስኮፒ የሚገባ ብርሃን ቆዳን ስለማያቋርጥ ያ ስሕተት እንዳለ አይመጣበትም። ሆኖም በሌላ አገር ጉልበቶች የተማረ ስሌት፣ ቁጢጥ ሲባልበት፣ ሲሰገድበትና ዳገት ሲወጣበት በኖረው የወሎ ሰው ጉልበት ላይ እኩል ይሠራል ብሎ የሚምል ሰው ካለ፣ ለክቶ ያሳየኝ እላለሁ።

ለሕመምተኛው ያለውን ጥቅምም አታጋንኑ። ያረጀን ጉልበት በአርትሮስኮፒ ማጠብና መጥረግ ሕመምን እንደማይቀንስ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ ከሐሰተኛ (ቆዳው ብቻ ከሚቆረጥበት) ቀዶ ሕክምና ጋር ያነጻጸረ ጥናት አሳይቷል። እንግዲህ ለመለካት ብቻ ብሎ የአንዲት እናት ጉልበት መክፈት አይገባም። ብርሃኑ የሚጠቅመው በሌላ ምክንያት ለሚከፈት ጉልበት ነው፤ ለምሳሌ ኳስ ሲጫወት ጅማቱ የተበጠሰ ወጣት ሲጠገን፣ በጉልበቱ ውስጥ ያለው ጤነኛ የሚመስል ልም አጥንት እስከ የት ድረስ እንደተጎዳ ለማወቅ። ያለቀን ልም አጥንት የሚመልስ መድኃኒት ገና የለም፤ ክብደት መቀነስና የጭን ጡንቻን ማጠንከር አሁንም ከምናዝዘው ሁሉ ቀዳሚ ነው።

መጀመር ለምትፈልጉ፦ የበሬ ጉልበት ከቄራ ይገኛል፤ በዓለም ዙሪያም የልም አጥንት ምርምር በብዛት የሚሠራበት ነው። ትሪፕሲን በሚባል ኢንዛይም ፕሮቲዮግላይካኑን፣ ኮላጅኔዝ በሚባል ሌላ ኢንዛይም ኮላጅኑን አጥፍታችሁ በሽታውን ማስመሰል ትችላላችሁ። ናሙናው ደረቀባችሁ ማለት ልኬቱ ጠፋ ማለት ነው፤ ሁልጊዜ በጨው ውሃ ይራስ። የብርሃኑ ጫፍ ገጹን ቀጥ ብሎ ይንካ። ልም አጥንቱ ስስ በሆነበት ቦታ ከሥሩ ያለው አጥንት ምልክቱ ውስጥ ስለሚገባ ውፍረቱንም መዝግቡ። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ነጭ ማመሳከሪያ፣ ማለትም ብርሃኑን ሁሉ የሚመልስ ነጭ ገጽ፣ ለኩ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ይህን ከጨርቃ ጨርቅ ቀለም ባለሙያዎች ተማሩ፤ የጨርቅ ቀለም የሚመሳሰልበት ስፔክትሮፎቶሜትርም በዚሁ መርህ የሚሠራ ነው።

ከሰው የሚገኝ ናሙና የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ የጭን አጥንታቸው ራስ በቀዶ ሕክምና የሚወጣላቸው ሰዎች አሉ፤ የሚወጣው አጥንት ልም አጥንት የለበሰ ነው። እሱን መጠቀም የሚቻለው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲፈቅድና ባለቤቱ ሲስማማ ነው። ፈቃዱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ቤተሰብ ባለበት፣ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ይጠየቅ፤ እምቢ ያለም ሰው ሕክምናው በምንም አይጓደልበት።