የአለቃው ጠባይና የሳይቱ ውሳኔ፦ ጥያቄና መልስ

የሥራ መሪ ጠባይ በግንባታ ፕሮጀክት ውሳኔ ላይ ምን ያህል ይገባል? ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ለተወሰኑት እነሆ መልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አለቃችን ሁሌ «ይደርሳል፣ አታስቡ» ነው። ግን ደርሶ አያውቅም። ችሎታ ስለሌለው ነው?

ላይሆን ይችላል። ተስፈኛ ሰው የሚገምተው ሁሉም ነገር እንደሚሰምርለት አድርጎ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ጽፈውበታል። መፍትሔው ተመሳሳይ ሥራዎች የፈጁትን ጊዜ ማየት ነው። ስለዚህ «ይደርሳል ወይ?» አትበሉት። «ያለፈው ሕንፃ ሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) ስንት ቀን ፈጀ? ክረምት ነበር ወይስ በጋ?» በሉት።

ጥያቄ፦ እልኸኛ ሰው ጥሩ ማናጀር ይወጣዋል?

አውስትራሊያ ያለውን ሲድኒ ኦፔራ ሀውስን እዩ። የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት መሪ ጆሴፍ ካሂል ፕሮጀክቱ እንዳይሰረዝ ሰግተው፣ ዲዛይኑ ሳያልቅ በ1959 አስጀመሩት። የጣሪያው አሠራር ገና አልተፈታም ነበር። በኋላ ጣሪያውን የማይችሉ ኮለኖች (ምሰሶዎች) ፈርሰው እንደገና ተሠሩ። በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያልቃል የተባለው 102 ሚሊዮን ፈጅቶ በ1973 ተመረቀ። ግን ካሂል ባይቸኩሉ ሕንፃው ጭራሽ ላይኖር ይችል ነበር። እናም እልህን አልረግምም። ቢያንስ ዲዛይን እስኪያልቅ ይታገስ እንጂ!

ጥያቄ፦ ሱፐርቫይዘር ነኝ። ይሉኝታ ይይዘኛል፣ አይሆንም ማለት ያቅተኛል።

ይገባኛል። ሚክሰሩ መኪና በር ላይ እየተሽከረከረ፣ በዕድሜ የሚበልጥህ ተቋራጭ «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ኮንክሪቱን ካልሞላን ከሰርኩ» ሲልህ፣ «ጋሼ፣ ፌሮው ሳይታይ አልፈርምም» ማለት ከባድ ነው። ለፊት ለፊት ክርክር ካልተፈጠርክ ሳይት ቡክ (የሳይቱ መዝገብ) ላይ ጻፍ። ቀኑን፣ የቱ ኮለን እንደሆነ፣ ምን እንደጎደለ። ግን መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ ሙሌቱን የማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው እዚያው ይደወልለት። በ1986 የአሜሪካዋ የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀር ከመምጠቋ በፊት በነበረው ምሽት መሐንዲሶች ብርዱ ያሰጋል ብለው ተከራክረው ነበር። አለቆቻቸው ለብቻ መክረው «አትምጠቅ» የሚለውን ምክር ገለበጡት። መንኮራኩሯ በ73 ሰከንድ ተበታተነች፤ 7 ሰዎች አለቁ።

ጥያቄ፦ ጠባይ ይቀየራል?

ትንሽ። እኔ ግን ስብሰባውን መቀየር ይቀለኛል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጋሪ ክላይን ያስተዋወቀው ዘዴ አለ። ሥራ ሳይጀመር «ፕሮጀክቱ ከሽፏል እንበል፤ ለምን?» ተብሎ ሁሉም በየወረቀቱ ይጽፋል። ሲነበብ ፎርማኑ ይቅደም፣ አለቃው መጨረሻ ላይ ይሁን።