የስቶክሆልሙ መጋዝ፦ ስለ ኢንቱምድ ለጠየቃችሁን

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የስዊድኑ የዴዝ ሜታል ባንድ ኢንቱምድ በመጀመሪያ አልበሙ የተጠቀመበትን ዓይነት ቦስ ኤችኤም-2 ፔዳል (የጊታርን ድምፅ የሚያሻክር፣ በእግር የሚበራ መሣሪያ) አገኘሁ። አራቱንም ማዞሪያ እስከ መጨረሻ ከፍቼ ስጫወት የሚወጣው የሞተር መጋዝ ድምፅ ሳይሆን የንብ እምምታ ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ማዞሪያዎቹን ሁሉ መክፈትዎ ትክክል ነው፤ የስቶክሆልም ልጆችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በቅድሚያ የሚፈተሸው ኤሌክትሪኩ ነው። ፔዳልዎ ከ1983 እስከ 1991 ከተመረቱት አንዱ ከሆነ ኤሲኤ የሚባለውን የድሮ አዳፕተር ይጠይቃል። ይህ አዳፕተር ወደ 12 ቮልት ይሰጣል፤ ፔዳሉ ውስጥ ያለው ሬዚስተር ደግሞ ወደ 9 ያወርደዋል። ዛሬ በብዛት ያለውን የ9 ቮልት አዳፕተር ሲሰኩበት ያው ሬዚስተር ከ9ኙ ላይ ይቀንሳል። ቀይዋ መብራት ትደበዝዛለች፣ ድምፁም ይሳሳል። አዲስ የ9 ቮልት ባትሪ ድንጋይ አስገብተው ያወዳድሩ፤ ልዩነት ከሰሙ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ነው። በባትሪ ሲጫወቱ ሲጨርሱ የጊታሩን ገመድ ከፔዳሉ ይንቀሉ፤ ገመዱ እንደተሰካ ከቆየ ፔዳሉን በእግርዎ ቢያጠፉትም ባትሪው ያልቃል። በ2021 የወጣው አዲሱ ኤችኤም-2ደብሊው ግን የሚሠራው በተለመደው 9 ቮልት ነው፤ እሱ ላይ 12 ቮልት እንዳይሰኩ።

ኃይሉ ደህና ከሆነ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሂዱ። ይህ ፔዳል ፍጹም ጥርት ባለ አምፕሊፋየር ላይ ይሳሳና ይንጫጫል። ጌይኑን (የምልክቱን ጉልበት የሚጨምረውን ማዞሪያ) ድምፁ ትንሽ መሻከር እስኪጀምር ከፍ ያድርጉ፣ ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ከግማሽ በታች ያውርዱ፣ ሚዱን (መካከለኛውን) ባለበት ይተዉት። የፔዳሉ ሌቭል (የድምፅ መጠን ማዞሪያው) ሲከፈት ድምፁ በድንገት ስለሚያይል የአምፕሊፋየሩን ቮልዩም አስቀድመው ይቀንሱ።

አደራ የምንለው ግን "ሃይ" የሚለውን ማዞሪያ ነው። ብዙ ሰው ትሬብል ይመስለውና ጆሮ ሲወጋው ይቀንሰዋል። ይህ ማዞሪያ የሚያነሳው መካከለኛውን፣ በ1000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ነው፤ "ሎው" የሚለው ደግሞ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ጎርናና ክፍል። የመጋዙ ጥርስ ያለው "ሃይ" ላይ ነው። እሱን ሲቀንሱት የሚቀርዎት ማንኛውም ፔዳል የሚሰጠው ዲስቶርሽን (የተሻከረ የጊታር ድምፅ) ነው።

ክሮቹንም አይርሱ። ድምፁን ለማጎርነን ሁሉንም አንድ ተኩል ቶን ወደ ታች ሲቃኙ 9–42 የሆነ (ቁጥሮቹ የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት በኢንች ሺኛ ናቸው) ቀጭን ክር ይላላል፤ ጠንከር አድርገው በመቱት ቁጥርም ከቅኝቱ ይወጣል። 11–54 ወይም 12–56 ይግጠሙ። በምቶች መካከል የሚሰማው ሽሽታ ከዚህ ፔዳል የሚጠበቅ ስለሆነ ከኋላው ኖይዝ ጌት (ሳይጫወቱ የሚሰማውን ሽሽታ የሚዘጋ መሣሪያ) ያስገቡ፤ ነገር ግን ሪፉ (የሚደጋገመው የጊታር ሐረግ) ሲያልቅ የሚጎተተውን ጭራ እስኪቆርጠው ድረስ አያጥብቁት።

ጥያቄ፦ ይህን ድምፅ ማን ጀመረው?

መልስ፦ ኢንቱምድ ከመባሉ በፊት ባንዱ ኒሂሊስት ይባል ነበር። ፔዳሉን እንዲህ በመጠቀም ቀዳሚ ተብሎ የሚነሳው የኒሂሊስት ጊታሪስት ሌፌ ኩዝነር ነው። በኢንቱምድ የመጀመሪያ አልበም ላይ አለመኖሩ ስሙን ከብዙ አድማጭ ሰውሮታል፤ ሊታወስ የሚገባው ሰው ነው። ኒሂሊስት በ1989 ፈረሰ። ቤዝ ተጫዋቹ ዮኒ ሄድሉንድ አንሊሽድ የተባለውን ባንድ መሠረተ፤ ድራመሩ ኒኬ አንደርሰን፣ ጊታሪስቶቹ ኡፌ ሴደርሉንድና አሌክስ ሄሊድ፣ ድምፃዊው ኤል-ጂ ፔትሮቭ ደግሞ ወዲያው ኢንቱምድ ሆኑ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በስቶክሆልሙ ሰንላይት ስቱዲዮ፣ በቶማስ ስኮግስበርግ እጅ የመጀመሪያ አልበማቸውን "ሌፍት ሃንድ ፓዝ"ን ቀዱ፤ በ1990 የእንግሊዙ የሙዚቃ አሳታሚ ኢየርኤክ አወጣው። ዲስሜምበር የተባለው ባንድም በ1991 የመጀመሪያ አልበሙን የቀዳው እዚያው ነው። የሁለቱ ባንዶች ጊታር መመሳሰሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ በኢንቱምድ ሁለተኛ አልበም "ክላንደስቲን" ላይ የሚዘፍነው ፔትሮቭ አይመስለኝም። ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ጆሮዎ አልዋሸዎትም። ፔትሮቭ ያኔ ከባንዱ ወጥቶ ነበር። በ1991ዱ አልበም ላይ በድምፃዊነት የተጻፈው የዮኒ ዶርዴቪች ስም ቢሆንም የዘፈነው ድራመሩ ኒኬ ነው። ፔትሮቭ ተመለሰ፤ በ1993ም "ወልቨሪን ብሉዝ" የተባለው አልበም ወጣ። ሪፎቹ አጠሩ፣ ምቱ ወደ ሮክ ዞረ፣ ስልቱም ዴዝ ኤንድ ሮል (የዴዝ ሜታልና የሮክ ኤንድ ሮል ቅልቅል) ተባለ። በእኛ አስተያየት ከ"ሌፍት ሃንድ ፓዝ" ቀጥሎ መደመጥ ያለበት እሱ ነው፤ የፔዳሉ ድምፅ በዝግታ ምት ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ኢንቱምድና ኢንቱምድ ኤ.ዲ. አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ኒኬ በ1997 ወጥቶ ትኩረቱን ሄላኮፕተርስ ወደተባለው ሌላ ባንዱ አዞረ። በኋላ ፔትሮቭና ሄሊድ በባንዱ ስም አልተስማሙም፤ ፔትሮቭ በ2014 "ባክ ቱ ዘ ፍሮንት" የተባለውን አልበም ያወጣው ኢንቱምድ ኤ.ዲ. ብሎ ነው። ሄሊድ፣ ሴደርሉንድና ኒኬ በበኩላቸው "ክላንደስቲን"ን ከኦርኬስትራ ጋር መድረክ ላይ ተጫወቱት። ፔትሮቭ መጋቢት 2021 በ49 ዓመቱ በካንሰር አረፈ።