ቁጥሩ ዝም ሲል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐዋሳ ውስጥ አንድ ፋብሪካ የውሃ ክፍል በፈረቃ እሠራለሁ። ታንከሩንም ፓምፑንም የምናየው በስክሪን ነው። «ሃከር ቢገባስ?» ብል አለቃዬ «ኢንተርኔት የለውም፣ አንቲቫይረስ አለው፣ አርፈሽ ሥሪ» አሉኝ። እውነት ነው?
የሌሊት ፈረቃ፣ ከታቦር

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳንም አላረፍሽ። ኢራን ናታንዝ ያለው የዩራኒየም ማበልጸጊያም ከኢንተርኔት የተነጠለ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. የተነቃበት ስተክስኔት የሚባል ቫይረስ ግን በፍላሽም ይተላለፋል። በ1,064 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 1,064 ጊዜ፣ የሚዞረውን የማበልጸጊያ ማሽን አንዴ 1,410 ያደርሰዋል፣ አንዴ 2 ላይ ይጥለዋል። ተንኮሉ ደግሞ ቀድሞ የቀዳውን የደህና ጊዜ ቁጥር ለተቆጣጣሪው መልሶ ማሳየቱ ነው። ሰውየው ስክሪኑን እያየ ሁሉ ሰላም ይመስለዋል።

እኔማ ሃከር ሳይነካኝ ደርሶብኛል። እዚሁ ሐዋሳ፣ አንድ ሌሊት ታንከሩ 62 በመቶ ብሎ ቀረ። ሦስት ሰዓት ሙሉ 62! «ዛሬስ ተባርኳል» ብዬ ሻዬን ስጠጣ ጥበቃው ጫማው ርሶ መጣ። ለካ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። የመገናኛ ካርዱ ስታክ አድርጎ ስክሪኑ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ቀርቷል።

ከዚያ ወዲህ ዝም ያለ ቁጥር አላምንም። ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ታንከር 62.1፣ 61.9 እያለ ይንቀጠቀጣል። ሰርጎ ገቦች እንደ ናታንዙ የተቀዳ ቁጥር ካጫወቱብሽ ግን እሱም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ አንዱን በሌላው አጣሪ። ታንከሩን የሚሞላውን ፓምፕ አምፔር፣ ማለትም የሚጎትተውን ኤሌክትሪክ፣ ሽቦውን አቅፎ በሚለካው ክላምፕ ሜትር ለኪ። ፓምፑ እየጎተተ፣ መውጫው ተዘግቶ ሳለ ታንከሩ ካልጨመረ አንዱ ዋሽቷል። አለቃሽን ደግሞ ታንከሩ ጎን ላይ ግልጽ ቱቦ እንዲያስገጥሙ ለምኛቸው። የውሃው ልክ በዓይን ይታያል፤ ቱቦዋ ከኮምፒውተር ጋር ዝምድና የላትም።

ኔትወርኩን ዝም ብሎ የሚያዳምጥ መሣሪያ ቢኖርም መልካም ነው። ፋብሪካ እንደ ቢሮ አይደለም፤ በየቀኑ የሚያወሩት እነዚያው ጥቂት ኮምፒውተሮች ናቸው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንድ እንግዳ ላፕቶፕ ለፒኤልሲው፣ ማለትም ፓምፑን ለሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ትእዛዝ ቢሰጥ ቶሎ ይለያል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ፒኤልሲ ፊቱ ላይ «ራን» (ሥራ ብቻ) እና «ፕሮግራም» (ኮዱን መቀየር የሚፈቅድ) የሚል የቁልፍ ማዞሪያ አለው። በ2017 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ አንድ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ ሲጠቃ፣ አደጋ ሲመጣ ፋብሪካውን የሚያቆመው የደህንነት መቆጣጠሪያ ቁልፍ «ፕሮግራም» ላይ ተትቶ ስለነበር ሰርጎ ገቦቹ የራሳቸውን ኮድ ጫኑበት። የእናንተው የት ላይ እንዳለ ዛሬ ማታ ስትገቢ እዪና ጻፊልኝ።