የገጠር መንገድ ሩጫ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአስፋልት ላይ 10 ኪሎ ሜትር በ58 ደቂቃ እሮጣለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ በእርሻዎች መካከል አልፎ ሁለት ትንንሽ መንደሮችን በሚያገናኝ የአፈር መንገድ መሮጥ ጀምሬአለሁ፤ ነገር ግን ያንኑ ርቀት ከ68 ደቂቃ በታች መጨረስ አልቻልኩም። መንገዱ ከባድ ዳገት የለውም፤ ዝቅ ከፍ ይላል እንጂ። አቅሜ እየቀነሰ ይሆን? በማግስቱስ ጭኔን የሚያመኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከጻፉልን ተነስተን አቅምዎ ቀንሷል የሚያሰኝ ምክንያት አላገኘንም። በአስፋልት አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ሲሮጡ ቆይተው አሁን 6 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ መፍጀቱ የሚያስደነግጥ ይመስላል፤ ሆኖም የተለወጠው መንገዱ ነው። ዝቅ ከፍ የሚል አገር ለዓይን ገር ነው፤ እግር ግን እያንዳንዷን ከፍታ ይከፍልባታል። በዳገቱ ላይ የባከነው ጉልበት በቁልቁለቱ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ምክንያቱም ወደ ታች ስንወርድ ሰውነታችንን ላለመጣል በየእርምጃው ፍሬን እንይዛለን። በዚህ ላይ ለስላሳው አፈር እግር ሲገፋው ይሰምጣል፣ ጠጠሩ ይንሸራተታል፣ የጋሪና የከብት ኮቴ የቆፈረው መሬት ደግሞ እርምጃን ያሳጥራል።

የጭንዎ ሕመምም ከዚሁ ከቁልቁለቱ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ወደ ታች በሚሮጡበት ጊዜ የፊተኛው የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማል፤ እንዲህ ያለው ሥራ በጡንቻው ውስጥ ጥቃቅን ጉዳት ያደርሳል፤ ሕመሙም ወዲያው ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። ሰውነት ይህን ቶሎ ስለሚለምደው፣ በተመሳሳይ ቁልቁለት ላይ ደጋግመው በሮጡ ቁጥር ሕመሙ እየቀነሰ ይሄዳል። እስከዚያው ቁልቁለቱን ወደ ኋላ ሳያዘነብሉ፣ በአጫጭርና ፈጣን እርምጃ ይውረዱት። ሕመሙ ግን በጡንቻው ሳይሆን በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ወይም ከሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ከሁሉ በላይ የምንመክርዎ በገጠር መንገድ ላይ ኪሎ ሜትርን ትተው ደቂቃንና ትንፋሽን እንዲቆጥሩ ነው። አንድ ሰዓት ለመሮጥ ይውጡ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር እስከቻሉ ድረስ ፍጥነቱ ለዕለት ተዕለት ልምምድ ትክክለኛ ነው፤ ዳገቱ ትንፋሽዎን ከቆረጠው ያለ አንዳች ኀፍረት ይራመዱ። እድገትዎን መለካት ሲፈልጉ ከአስፋልቱ ጋር ሳይሆን የዛሬ ወር በዚሁ መንገድ ከሮጡት ጋር ያነጻጽሩ። ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ጎስታ ሆልመር ፋርትሌክ የተባለውን ልምምድ ሲያወጣ ሐሳቡ ሯጩ በተፈጥሮ መሬት ላይ እንደ ስሜቱ እየፈጠነና እየቀዘቀዘ እንዲሮጥ ነበር፤ ቃሉም በስዊድንኛ «የፍጥነት ጨዋታ» ማለት ነው። የኒውዚላንዱ አርተር ሊዲያርድም ሯጮቹን 35 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ኮረብታማ ዙር ላይ ያሠለጥናቸው ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ፒተር ስኔል በ800 ሜትር፣ መሬይ ሃልበርግ በ5,000 ሜትር እ.ኤ.አ. በ1960ው የሮም ኦሊምፒክ ወርቅ አግኝተዋል። የ800 ሜትር ሯጭ እንኳ ከኮረብታ ተጠቅሞ ከሆነ፣ እርስዎ በየሳምንቱ የሚወጧቸው ዳገቶች ከንቱ እንደማይቀሩ እናምናለን።

ጥያቄ፦ በማላውቀው ገጠር ውስጥ የ12 ኪሎ ሜትር መሮጫ መንገድ በስልኬ ካርታ ላይ ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከከፍታ መስመሮቹ ይጀምሩ፤ እነዚህ በካርታው ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙ መስመሮች ናቸው። መስመሮቹ የተራራቁበት ቦታ ዳገቱ ቀላል ነው፤ የተጠጋጉበት ደግሞ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ቀጥሎ የመንገዱን ቅርጽ ይምረጡ። እኔ ለማላውቀው አገር የስምንት ቁጥር ቅርጽ እመርጣለሁ፤ ሁለቱ ዙሮች የሚገናኙበት መንደር መሐል ላይ ስለሚውል፣ ድካም ወይም ዝናብ ከመጣ በ6 ኪሎ ሜትር ላይ ማቆም ይቻላል፤ ውኃም የሚገኘው እዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱን ከመሮጥዎ በፊት አንድ ጊዜ በእግርዎ ይሂዱበት። ካርታ የማይነግረን ብዙ ነገር አለ። አንድ ጊዜ በስልኬ ላይ ጥርት ብሎ የሚታይ የእግር መንገድ ተከትዬ ብሄድ መንገዱ ታርሶ ቡቃያ በቅሎበት አገኘሁት፤ በእርሻው ጠርዝ ዞሬ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ጫማዬም ጭቃ ተሸክሞ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ቡቃያ ረግጦ ማቋረጥ ግን በፍጹም አይገባም፤ ያ መሬት የሰው እንጀራ ነው። በርና አጥር ሲያጋጥምዎም ተዘግቶ ያገኙትን ዘግተው፣ ተከፍቶ ያገኙትን ከፍተው ይለፉ።

ጥያቄ፦ በመንደሩ መግቢያ ላይ ሁለት ውሾች ሁልጊዜ ያባርሩኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መሮጥዎን ያቁሙ። ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ ነገር ግን የሚሮጥ ነገር የውሻን የማባረር ስሜት ይቀሰቅሳል። እጆችዎን ዝቅ አድርገው፣ ዓይን ዓይናቸውን ሳያዩ፣ ጀርባዎንም ሳይሰጡ በዝግታ እየተራመዱ ከሚጠብቁት ግቢ ይራቁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥበቃቸው ከአጥሩ ብዙም አይርቅም። ከተቻለ ባለቤታቸውን በሌላ ሰዓት ሄደው በትሕትና ያነጋግሩ፤ በየትኛው ሰዓት እንደሚያስሯቸው ማወቅ ብቻ ችግሩን ሊፈታው ይችላል።

ከነከስዎ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜ ከተሰጠ ግን ይከላከለዋል። ቁስሉ ትንሽ ናት ብለው እንዳይተዉት አጥብቀን እንለምንዎታለን።

ጥያቄ፦ የእግረኛ መሄጃ በሌለው ጠባብ መንገድ ላይ በየትኛው ጎን ልሩጥ?

መልስ፦ መኪና ከፊት ለፊትዎ በሚመጣበት ጎን፣ እያዩት። ሹፌሩ ሊያይዎ በማይችልበት ጥምዝ ላይ ብቻ አስቀድመው ወደ ውጨኛው ጠርዝ ይሻገሩ፤ ጥምዙን እንዳለፉ ወደ ቦታዎ ይመለሱ። ማለዳና ምሽት ላይ ከሆነ ደማቅ ልብስና መብራት አይለይዎ።