ከጦር ሰፈር ስትወጡ መጋዘኑን ይዛችሁ ውጡ

ልጆቼ፣

ርእሱን አይታችሁ አትደንግጡ። ንብረት ስረቁ ማለቴ አይደለም፤ ስምንት ዓመት የመንግሥት ንብረት ስጠብቅ፣ ከዚያም ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ገንዘብ ስመዘግብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት እንዲህ ያለ ነገር ልጻፍ ብል እጄም እሺ አይለኝም። የምለው ሌላ ነው፤ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

ለዚህ ደብዳቤ ያነሣሣችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ሰባት ዓመት በሠራዊት ቆይታ ተሰናብታ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሰች። አንድ ማታ ቤቴ መጥታ፣ ቡናው ቶና እስኪደርስ ዝም ብላ ተቀምጣ ቆየችና፣ «እትዬ፣ እንግዲህ ምን ሠርቼ ልብላ?» አለችኝ። እኔም አፌ ላይ የመጣልኝን «አይዞሽ፣ አንቺ እኮ ደፋር ነሽ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ አፈርኩ። ድፍረት የቤት ኪራይ አይከፍልም። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ለአክብሮት ያህል «እሺ» ብላኝ ጋቢዋን ተከናንባ በዚያ ብርድ ወጣች። ያን ማታ ልመልስላት ይገባኝ የነበረውን አሁን እጽፈዋለሁ። የደንብ ልብስ ለብሳችሁ የማታውቁም ብታነቡት አይጎዳችሁም።

ወታደር ቤት የገባሁት በ1975 ዓ.ም. ነው። ተዋጊ እሆናለሁ ብዬ ነበር፤ ንብረት ክፍል መደቡኝ። ጓደኞቼ መሣሪያ ሲፈቱና ሲገጥሙ እኔ ካልሲ እቆጥራለሁ። ስንት ሌሊት በንዴት እንዳለቀስኩ ብርድ ልብሱ ያውቀዋል። ለሁሉም ቅጽ አለው፦ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ክፍሉ ሲጠይቅ ሞዴል 20፣ ሲወጣ ሞዴል 22፤ በየመደርደሪያው ደግሞ ቢን ካርድ ተንጠልጥሎ የገባው፣ የወጣውና የቀረው ይጻፍበታል። ፊርማ የሌለው ዕቃ፣ ሻለቃው ራሳቸው ቢመጡም፣ የመጋዘኑን ደጃፍ አያልፍም።

አለቃዬ ጥርሳቸው የማይታይ አዛውንት ሻምበል ባሻ ነበሩ። አንድ ቀን በቆጠራ ላይ አንድ ሳሙና ጎደለብኝ። አንድ ሳሙና! ካርቶኑን ሁሉ በፋኖስ እንደገና አስቆጠሩኝ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ደክሞኝ «ከደሞዜ ይቆረጥና እንተኛ» አልኳቸው። «ደሞዝሽን ማን ጠየቀሽ? እኔ የጠየቅኩሽ ቁጥሩን ነው» አሉኝ። ሊነጋጋ ሲል ሳሙናው ተገኘ፤ ከካርቶን ግርጌ ተጣብቆ ነበር። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ሌሊት ጠልቼ አላውቅም። ዛሬ ነፍሳቸውን ይማር እላለሁ፤ ቆሜ የሄድኩት እሳቸው በተከሉልኝ እግር ነው።

በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ተበተነ። አንድ ሻንጣ ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን ነበር፤ ተሰልፈን ተመዘገብን፤ የድርሻችንን ተቀበልን። በሰፈር ያለውን ሹክሹክታ ብዙ አልተርክላችሁም፤ ወታደር የነበረች ሴት ምን እንደምትባል የደረሰባት ታውቀዋለች፣ ያልደረሰባት ትገምተው። በቀረችኝ ገንዘብ መናኸሪያው አካባቢ ሻይ ቤት ከፈትኩ፤ ስምንት ወር ሳይሞላም ዘጋሁ።

የዘጋሁበትን ምክንያት ለብዙ ዓመታት በዘመኑ ሳሳብብ ኖሬያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ደንበኛ አዝዝ ነበር። «ተራህን ጠብቅ!»፣ «ወንበሩን መልስ!»፣ «ዳቦ ሳይበላ ማነው የተነሣው?» አንድ ሽማግሌ ብርጭቋቸውን በግማሹ አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ እኔ ሻይ ልጠጣ ነው የመጣሁት፣ ልመለመል አይደለም» ብለውኝ ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ አልሳቅኩም፤ ጥፋቴ እሱ ነበር።

ሁለተኛው ይብሳል። እንደ እኔ ተበትነው የመጡ የቀድሞ ጓዶች በዱቤ ይበሉ ነበር። የጓድ ሆድ ይጻፋል እንዴ ብዬ አልጻፍኩም። የጠዋቱን ዳቦ ስንት እንደገዛሁ፣ ስንት እንደሸጥኩ፣ ስኳሩ መቼ እንዳለቀ አልመዘገብኩም። ለአንድ ሳሙና ሌሊቱን በፋኖስ የቆጠርኩት ያችው እኔ፣ የገዛ ኪሴን በግምት አስተዳደርኩ። እኔ ስከስር አረቄ ትሸጥ የነበረች አክስቴ ግን ቤቷ ሙሉ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፤ ከጓዳዋ በር ጀርባ ግድግዳው ላይ በከሰል ጭረት አላት፦ ረጅሙ ጭረት የአናጺው፣ አጭሩ የጋሪ ነጂው፣ የተቀጨው የከፈለው። አንድ ቀን ግድግዳው ፊት አቁማኝ፣ «አንቺ እዚያ የተማርሽውን እዚያው ትተሽው ነው የመጣሽ?» አለችኝ።

ትቼው ነው የመጣሁት። ሞዴሉ የመንግሥት ብቻ መስሎኝ ነበር። መቁጠር የታዘዝኩት ሥራ እንጂ የእኔ ሀብት አልመሰለኝም። መጋዘኑን ይዛችሁ ውጡ የምለው ይህን ነው፤ እኔ የደንብ ልብሱን ስመልስ ቆጠራውንም አብሬ መለስኩት።

ከዚያ በማታ ትምህርት ሒሳብ አያያዝ ተምሬ በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተቀጠርኩ። በእጄ ካለፉት ተበዳሪዎች መካከል ከሠራዊት የወጡ ሴቶች ብዙ ነበሩ፦ የ1983ቱ የእኔ ዘመን ሰዎች፣ ከኤርትራው ጦርነት በኋላ የተሰናበቱ፣ አሁን አሁን ደግሞ የእናንተ እኩዮች። ዶሮ አርቢ፣ ልብስ ሰፊ፣ ባልትና አዘጋጅ፣ የመንዝን የበግ ፀጉር አስፈትላ ባና የምታሠራ ነበረች። ብድር ሊጠይቁ ሲመጡ ስለ ውጊያ የሚያወሩትን በአክብሮት አዳምጣለሁ፤ ብድሩን ስትመልስ ያየኋት ግን ብዙ ጊዜ ጥበቃ እንዴት እንደሚረከቡ የምታወራዋን ነው።

አንዷን ላሳያችሁ። ደብረ ሲና ናት። ጣርማበርን ወርዳችሁ አውቶቡሱ ሲቆም ቆሎ ይዘው ወደ መስኮቱ የሚሮጡትን ልጆች ታውቃላችሁ፤ ቆሎው ከሚታመስባቸው ቤቶች አንዱ የእሷ ነው። ስገባ ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ። ሁለት ብረት ምጣድ ተጥዷል፤ አንዱ ላይ ገብስ፣ አንዱ ላይ ሽምብራ። አንዲት ልጅ የተቆላውን ገብስ በሙቀጫ ትፈትጋለች፣ ሌላዋ ገለባውን ታበጥራለች፣ ከዚያ ገብሱ ተመልሶ ይታመሳል። ከምሰሶው ላይ በሲባጎ የታሰረ ደብተር ተንጠልጥሏል፤ ገጹ በቅባትና በጥቀርሻ ወይቧል። ገልጬ ሳየው ሳቄ መጣ፤ ቢን ካርድ ነው! ገብሱ ከማን ተገዛ፣ ሲገባ ስንት መዘነ፣ ተፈትጎ ስንት ቀረ፣ ታምሶ ስንት ወጣ፣ ለየትኛዋ ልጅ ስንት ጣሳ ተሰጠ፣ ማታ ስንት ተመለሰ። ከእያንዳንዱ መስመር ጫፍ ፊርማ አለ፤ መጻፍ የማትችለዋ በጣቷ ፈርማለች።

«ይህን ንብረት ክፍል ነው የተማርሽው?» አልኳት።

«ኧረ እኔ እግረኛ ነበርኩ» አለችኝ። «ጥበቃ ስንረካከብ ጥይት ቆጥረን ነበር የምንረካከበው። በጨለማም ቢሆን፣ በጣት እየዳሰስን።»

ያ ደብተር የነገራትን ልንገራችሁ። አንድ ክረምት ሽያጩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ገንዘቡ ጠፋባት። ልጆቹ ሰርቀውኝ ነው ብላ ልትጠረጥር ስትል ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠች። መቶ ኪሎ ገብስ ገብቶ መቶ ኪሎ ቆሎ እንደማይወጣ የታወቀ ነው፤ በክረምት የተገዛው ግን ከሌላው ጊዜ ይልቅ በጣም ይቀንስ ነበር። እርጥበት ነው። በገብስ ዋጋ ውኃ ትገዛ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ምርቱ ተወቅቶ ደረቅ ሆኖ ገበያ ሲወጣ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ የዓመቱን ገዝታ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ታስቀምጣለች። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ሦስት ምስኪን ልጆች ሌባ ተብለው ይባረሩ ነበር፤ ኪሳራውም አይቆምም።

በኅዳር 2014 ጦርነቱ በደሴ መንገድ ወደ ደብረ ሲና ሲቀርብ እሷም ከሕዝቡ ጋር ጣርማበርን ወጥታ ደብረ ብርሃን ገባች። አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አገኘኋት። ከተማው እንጀራውንም ወጡንም ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ያገሬ ሰው ደግነት አያንሰውም። ነገር ግን በአንዱ ክፍል እንጀራ ይደፋል፣ በሌላው ሕፃናት ጦማቸውን ያድራሉ። እሷ ድስት አልጠየቀችም፤ እርሳስና ወረቀት ጠየቀች። በየክፍሉ ዞራ ስንት ሰው፣ ስንት የሚጠባ ልጅ፣ ስንት ነፍሰ ጡር፣ ስንት መድኃኒት የሚወስድ አዛውንት እንዳለ ጻፈች። በማግሥቱ ምግቡ በዝርዝሩ ሄደ። ቤቷ ምን እንደሆነ የማታውቅ፣ ራሷ የተፈናቀለች ሴት ናት ይህን ያደረገችው። ዛሬ የሰፈሯ ዕድር ገንዘብ ያዥ ናት፤ መርጠው ሳይሆን ለምነው ነው የሾሟት።

ይህ ነገር አዲስ አይምሰላችሁ። በ1875 ዓ.ም. እዚሁ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ከምኒልክ ጋር የተጋቡት እቴጌ ጣይቱ፣ በ1888 መቀሌ ላይ የጠላትን ውኃ ያስያዙ ናቸው። ምሽግ ውስጥ ላለ ሠራዊት ውኃ ስንት ቀን እንደሚበቃ ማስላት የመጋዘን ሥራ ነው። እኚያው እቴጌ ከዐድዋ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ቆይተው አዲስ አበባ ላይ ሆቴል አቋቋሙ፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ስለ ውኃው ሁሉም ይተርካል፤ ስለ ሆቴሉ የሚተርክ ግን ጥቂት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመንም አርበኛዋን ሸዋረገድ ገድሌን ጣሊያኖች አገራቸው ወዳለው አዚናራ ደሴት ድረስ አግዘው እንዳሰሯት፣ ከበደች ስዩም ባሏ ደጃዝማች አበራ ካሳ በፍቼ ከተገደሉ በኋላ ጦር እየመራች እንደተዋጋች ሲተረክ ሰምተናል። ነጻነት በተመለሰ ማግሥት የእነሱን ጓዶች፣ እነዚያን ስም የለሽ ሴቶች፣ ማን አበላቸው? ምን ሠርተው ኖሩ? ይህን የነገረን የለም። ለእኛም ሴት ጀግና ጠመንጃዋን ስታስቀምጥ ታሪኳ የሚያልቅ እየመሰለን አደግን።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልግባ፤ ይህ አጭር ነው። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ የተሃድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ የሚበልጡ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዶ ተነሥቷል፤ ስለዚህ ከእናንተ መካከል የመቋቋሚያ ገንዘብ የሚደርሰው ይኖራል። ገንዘቡ እጃችሁ የገባ ዕለት ዘመድ ይበዛል። በየራሳችሁ ስም ባንክ አስገቡትና ሦስት ወር አትንኩት። በእነዚያ ሦስት ወራት ገበያ ውጡ፤ ልትሸጡ ያሰባችሁትን ዕቃ ሌላው እንዴት እንደሚሸጠው፣ በየትኛው ቀን እንደሚያልቅ፣ በየትኛው እንደሚተርፍ በደብተር ጻፉ። ቅኝት ሳይደረግ ወደ ፊት አይኬድም፤ ይህን እንኳ እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም። ብድር ካስፈለገም የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ አለ፤ በ2005 ሥራ የጀመረው፣ የሴቶችን ነገር ይዞ የተነሣው እናት ባንክም አለ። ሁለቱም ጋ ጠይቁና አወዳድሩ፤ የመጀመሪያው ያላችሁን ብቻ ይዛችሁ አትፈርሙ።

ትታችሁት የምትመጡት ነገርም አለ። ትእዛዙን ተዉት፤ ደንበኛ ይለመናል እንጂ አይታዘዝም፣ ሠራተኛም ቢሆን ወንድምና እህት እንዳለው ሰው ይነገረዋል። «ቀለብ በሰዓቱ ይመጣል» የሚለውን ልማድ ተዉት፤ እኔ ከወጣሁ በኋላ ለወራት ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳ ከየት እንደሚመጣ ደጁን አይ ነበር። ሌሊት የሚያባንናችሁን ግን ልተወው ስላላችሁ ብቻ አይተዋችሁም። ጠበል ሂዱ፣ ሐኪምም ጋ ሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። እኔ ሐኪም ጋ የሄድኩት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ አትዘግዩ።

የጎረቤቴ ልጅ ሬዲዮ ላይ እንደነበረች ቆይቼ ሰማሁ። መልእክት ተቀብላ፣ ደግማ አንብባ፣ ሰዓቱን ጽፋ የምታስተላልፍ። የእህል ነጋዴዎች በየቀኑ ስልክ ላይ በሰሙት ዋጋ የሚጣሉበት ከተማ ውስጥ ይህን የምታውቅ ልጅ ሥራ አጥታ ተቀምጣለች። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ትምጣ፤ ቡናውን እኔ አፈላለሁ፤ ደብተርና እርሳስ ይዛ ትምጣ።

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ክርስትና ነበርና ከደብረ ሲናዋ ሴት አንድ ትልቅ ብረት ምጣድ ተዋስኩ። የሃያ ዓመት ወዳጄ ናት። ምጣዱን ለልጅ አሸክማ፣ ደብተሩን ከምሰሶው ፈትታ አመጣችልኝ። ገልብጣ ጀርባውን አሳየችኝ፤ ጆሮው ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለ፣ እሱንም ጽፋዋለች። «እዚህ ጋ ፈርሚ፣ እትዬ» አለችኝ። መነጽሬን አውጥቼ አነበብኩትና ፈረምኩ።