የረጅሙን ቀን በዓል በጓሮ ማዘጋጀት፦ ጠጁ፣ ቀንዱና ጾሙ

እህቴ፣ «የሥራ ባልደረባዬ የጥንቱን የስዊድን አማልክት ታመልካለች። የበጋውን ረጅም ቀን ከጓደኞቿ ጋር እኛ ጓሮ ማክበር ፈልጋለች። ምን ላዘጋጅ? እኔስ ኦርቶዶክስ ሆኜ እንዴት ልሁን?» ብለሻል። እኛም እዚህ ስዊድን፣ ኡፕሳላ ከተማ፣ ጓሮአችን ውስጥ ደግሰን ስለምናውቅ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ። ረጅሙ ቀን ጁን 20 ወይም 21 አካባቢ ነው፣ በእኛ ሰኔ አጋማሽ። አገሩ ሁሉ የሚያከብረው ሚድሶማር የሚባለው የበጋ በዓል ዋዜማ ግን ሁልጊዜ አርብ ነው፣ ከጁን 19 እስከ 25 ባለው። የትኛውን እንደምትፈልግ ጠይቂያት። አርብ ካለችሽ ሲስተምቦላጌት (የመንግሥት መጠጥ ሱቅ) ዝግ ነው፤ ቅዳሜና እሑድም አይከፍትም። መጠጥ እስከ ሐሙስ ይገዛ።

ደግነቱ ዋናውን መጠጥ አንቺው ታውቂዋለሽ። በሥርዓታቸው ላይ የሚዞረው ሚዮድ የማር መጠጥ ነው። እኛ ጠጅ ጥለን አቀረብንላቸው፤ የሱቁን ጠርሙስ የነካው አልነበረም። ጌሾውን ሲቀምሱ ፊታቸውን ትንሽ ቋጠር አደረጉ፣ ከዚያ ድገሙን አሉ። ቀደም ብለሽ ጣይው፣ ያልደረሰ ጠጅ ሆድ ይነፋል።

ሥርዓቱ ብሎት ይባላል። በጥንት ጊዜ እዚሁ ኡፕሳላ ሰውና እንስሳ ይሠዋ እንደነበር የብሬመኑ አዳም የሚባል ቄስ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ጽፏል። የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የእኛ እንግዶች ያቀረቡት መጠጥና ዳቦ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አትደንግጪ። ክብ ሠርተው ይቆማሉ። አንዱ ይመራል፤ አማልክቱን በስም ይጠራል፣ በተለይ የአዝመራ አምላክ የሚሉትን ፍሬይን። ከዚያ የበሬ ቀንድ በጠጅ ተሞልቶ ይዞራል። የደረሰው ሰው ያመሰግናል ወይ የሞተ ዘመዱን ያነሳል፣ ይጎነጫል፣ ያሳልፋል። የቀረው ዛፍ ሥር ይፈሳል።

ቀንዱ ግን ጉድ ይሠራል። ጫፉን ወደ ላይ አድርገሽ ከጠጣሽ ታፍኖ የቆየው አየር በአንዴ ይወጣና ጠጁ ፊትሽ ላይ ይደፋል። ጫፉን ወደ ጎን አዙሮ ቀስ ብሎ ማዘንበል ነው። አልኮል ለማይጠጡት ፍሌደር ከሚባል አበባ የሚሠራ ጭማቂ በሌላ ዕቃ ይኑር። ሥርዓቱ ከምግብ በፊት ይለቅ፤ ስናፕሱ (ጠንካራው አረቄ) ከተጀመረ በኋላ ሰው መሰብሰብ ዘበት ነው።

ስለ እምነትሽ፣ እኔ አስቀድሜ «ቤቴ ቤታችሁ ነው፣ ክቡ ውስጥ ግን አልገባም» አልኳቸው። ማንም ቅር አላለውም። ቀንዱ ሲዞር እኔ ድንቼን እጠብቅ ነበር። የንስሐ አባትሽን ብታማክሪ ደግሞ ልብሽ ያርፋል። አንዳንዱ ሐበሻ «እነዚህ ዘረኞች አይደሉም እንዴ?» ይላል። ቶር የሚሉትን አምላክ መዶሻና ሩን የሚባለውን ፊደል ለራሳቸው ዓላማ የሚጠቀሙ ዘረኞች አሉ፣ እውነት ነው። ግን ሳምፉንዴት ፎርን ሴድ የሚባለው የእነዚህ አማኞች ማኅበር ዘረኝነትን በይፋ ይቃወማል። የምትጋብዣቸውን ማወቅ የአንቺ ፈንታ ነው።

ገበታው ላይ የተዘፈዘፈ ሄሪንግ ዓሣ፣ አዲስ ድንች በድል ቅጠል፣ እርጎ መሳይ ግሬድፊልና እንጆሪ በክሬም ይጠበቃል። የሐበሻ እንግዶች ካሉሽ ግን አብዛኛውን ዓመት የሰኔ ጾም ነው፣ አርብ ከሆነ ደግሞ ይባስ። ለእነሱ ድንቹን በዘይት ለይተሽ አስቀሪ፣ እንጆሪውም ክሬም ሳይነካው ይቅረብ። ሽሮና ጎመን ጨምረን ነበር፤ ፈረንጆቹ ጨረሱት።

እሳት ካሰባችሁ የኮሙኑን (የአካባቢ አስተዳደሩን) ድረ ገጽ በዕለቱ እዪ። ደረቅ ከሆነ ማንደድ ሊከለከል ይችላል። ቢፈቀድም ባልዲ ውኃ አጠገባችሁ ይኑር። ራስ ላይ ለሚደረገው ጉንጉን አበባ ከሜዳ መቅጠፍ ትችያለሽ፣ በሕግ የተጠበቀውን ሳይጨምር። ከሰው ዛፍ ቅርንጫፍ መስበር ግን ክልክል ነው። ፀሐይዋ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስለምትጠልቅ እንግዳ ቶሎ ይሄዳል ብለሽ አትጠብቂ፤ ብርዱም ማታ ስለሚመጣ ብርድ ልብስ አውጪ። ልጆቹን ከመተኛታቸው በፊት ፈትሺያቸው፣ ሣሩ ውስጥ መዥገር አለ።