ፕላስተሩን ከመላጣችሁ በፊት አንብቡት

የሕክምና መሣሪያና የሆስፒታል ሶፍትዌር ለመሥራት የተነሣችሁ ወጣቶች አዘውትራችሁ የምትጠይቁኝ የትኛውን የፕሮግራም ቋንቋ ብትማሩ እንደሚሻል ነው። ለዚህ ከእኔ የተሻለ መልስ የሚሰጡ ሞልተዋል። እኔ ዕድሜዬን የሕክምና መሣሪያ ስተክልና ስጠግን የኖርኩ መሐንዲስ ነኝና የምመክራችሁ ሌላ ነገር ነው፤ አንድም መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ሕሙማን ወደሚተኙበት ክፍል ግቡና ሠራተኞቹ በመሣሪያዎቹ ላይ ምን እንደለጠፉ፣ ምን እንደጻፉ፣ የትኛውንስ እርምጃ በምን ዘዴ እንደሚዘሉት ተመልከቱ። በቃለ መጠይቅ የማይነገራችሁን በዚያ ታገኙታላችሁ፤ ሰው ለእንግዳ «ጥሩ ነው» ማለት ይቀናዋልና።

በፅኑ ሕሙማን ክፍል ያለ፣ የታካሚውን የልብ ምትና መሰል ሁኔታ እየተከታተለ ሲዛባ የሚጮህ አንድ ሞኒተር አስቡ። ከግርጌው መጠናቸውም ቀለማቸውም አንድ የሆነ ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን አሉ፤ አንዱ የማንቂያውን ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ዝም ያሰኛል፣ ሌላው እስኪመልሱት ድረስ ጭራሹን ያጠፋዋል። በሁለተኛው ላይ ነጭ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎ በማርከር «አይነካ» ተብሎበታል፤ ጽሑፉ በአልኮል ሲወለወል ስለደበዘዘ ሌላ ፕላስተር ተደርቦበታል። ሊጠግን የመጣ ባለሙያ ይህን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ይልጠዋል። ያ ፕላስተር ግን አንድ ተረኛ ሁለቱን ቁልፎች እንዳምታታ፣ ባልደረባው ደግሞ እንዳይደገም በእጁ በተገኘው ነገር ንድፉን እንዳረመ የሚናገር ሰነድ ነው። መደረቡም ችግሩ የቆየ ለመሆኑ ምስክር ነው።

መሣሪያ ሠራተኛውን ምን እንደሚያስለምደው አለማስተዋል ወዴት እንደሚያደርስ ማየት የፈለገ የቴራክ-25ን ታሪክ ይመርምር። ይህ የካንሰር ጨረር ሕክምና መሣሪያ ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ በ6 ታካሚዎች ላይ ከታዘዘው እጅግ የበዛ ጨረር ለቅቆ ለከባድ ጉዳትና ለሞት ዳርጓል። በቀደመው ሞዴል የነበሩ ሜካኒካዊ መከላከያዎች ተነሥተው ጥበቃው ለሶፍትዌር ብቻ ተትቶ ነበር። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ እንደ ሶፍትዌር ስሕተት ብቻ ይተረካል፤ እኔን ይበልጥ ያስተማረኝ ግን በስክሪኑና መሣሪያውን በሚያንቀሳቅሱት ባለሙያዎች መካከል የነበረው ነገር ነው። መሣሪያው ምክንያቱን ሳይገልጽ በቁጥር ብቻ «ብልሽት» እያለ በተደጋጋሚ ይቆም ስለነበር፣ ባለሙያዎቹ አንዲት ቁልፍ ተጭነው መቀጠልን ለመዱ። በ1986 ቴክሳስ ውስጥ አንዲት ባለሙያ የጨረሩን ዓይነት አሳስታ ካስገባች በኋላ ወዲያው አረመችው፤ ልምድ ያላትና ጣቷ የፈጠነ በመሆኗ መሣሪያው ተስተካክሎ ሳያበቃ እርማቱን ጨረሰች፣ ሶፍትዌሩም ለውጧን ሳይከተል ቀረ። ስክሪኑ «ብልሽት 54» አለ። የመመሪያው መጽሐፍ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አያብራራም፤ ተሰጠ የተባለው መጠን ደግሞ ከታዘዘው ያነሰ መስሎ ይታይ ነበር። እርሷም ቀጥል ብላ ተጫነች። ያደረገችው መሣሪያው ራሱ ያስለመዳትን ነው።

ማንቂያ ድምፅም እንዲሁ ነው። የአሜሪካን ሆስፒታሎች የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን ከ2009 መጀመሪያ እስከ 2012 አጋማሽ እ.ኤ.አ. ከማንቂያ ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች ሪፖርት እንደተደረጉለት፣ 80ዎቹም በሞት እንደተጠናቀቁ በ2013 አስታውቋል። በከንቱ የሚጮህ መሣሪያ በበዛበት ክፍል እውነተኛው ጩኸት ሰሚ ያጣል። በአንጻሩ ጣት ላይ ተሰክቶ የደምን ኦክስጅን የሚለካውን የፐልስ ኦክሲሜትርን ድምፅ አድምጡ፤ ከልብ ምቱ ጋር የሚሰማው ድምፅ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲቀንስ እየወፈረ ስለሚሄድ፣ ሰመመን ሰጪው ዓይኑን ከታካሚው ሳያነሣ ለውጡን በጆሮው ያውቃል። እኔ ከማውቃቸው የሕክምና መሣሪያ ንድፎች ይህን የሚያህል የሚያስደንቀኝ የለም። ይሁንና ይኸው መሣሪያ የጥቁር ታካሚዎችን የኦክስጅን ማነስ ሳያሳይ የማለፉ ነገር ከነጮቹ 3 እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ሥራችሁ «ተፈትኗል» ሲባል፣ በማን ጣት ላይ ብላችሁ ጠይቁ።

አደጋ ሲደርስ ቶሎ የሚቀርበው መፍትሔ ስልጠና ነው፤ እኔ ይህን ቃል በስብሰባ በሰማሁ ቁጥር እጠራጠራለሁ። በአፍንጫ የሚገባው የምግብ ቱቦ ከደም ሥር መስመር ጋር የሚገጥም እስከሆነ ድረስ፣ የደከመ ሰው አንድ ቀን ማገናኘቱ አይቀርም። አይኤስኦ 80369 የተባሉት ዓለም አቀፍ ደረጃዎች የተዘጋጁት የተለያየ አገልግሎት ያላቸው መስመሮች ጫፎች እርስ በርስ እንዳይገጥሙ ለማድረግ ነው። መግጠም የማይችልን ነገር «አታገናኙ» ብሎ መለጠፍ አያስፈልግም።

ስትፈትኑም በጠራ ብርሃን፣ በተመቻቸ ወንበር፣ ባልደረባችሁን አስቀምጣችሁ አይሁን። ጓንት ያጠለቀች፣ በአንድ እጇ የሚያለቅስ ሕፃን ክንድ የያዘች ነርስ በሌሊቱ ፈረቃ መጨረሻ ትሞክረው፤ እናንተም ዝም ብላችሁ እዩ። ለማስረዳት አፋችሁ በተከፈተበት ቦታ ላይ የሚታረም ነገር አለና መዝግቡት። አስታማሚዎችንም አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ አላርሙን መጀመሪያ የሚሰሙት እነርሱ ናቸው፣ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግን የነገራቸው የለም። መሣሪያውን የሚገዛው ኮሚቴና መሣሪያውን የሚይዘው እጅም አንድ አይደሉም፤ በግዥው ምርጫ ላይ አንዲት የክፍሉ ነርስ እንድትቀመጥ ጠይቁ።

ንድፍ የማይፈታውንም ለዩ። አንዲት ነርስ ልትደርስላቸው ከምትችለው በላይ ታካሚዎች በተሰጧት ክፍል የጎደለው ሰው እንጂ ስክሪን አይደለም። በሪፖርታችሁ ላይ ይህንኑ ጻፉ፤ እንጀራችሁ አዲስ ስክሪን መሸጥ ቢሆንም እንኳ።